ለሆግኒ የሚከፈለኝ

ምዕራብ ጁትላንድ፣ ዴንማርክ
ሴፕቴምበር 9 ቀን 2018

ይድረስ ለእህቴ ለሱኔቫ፤

እህቴ ሆይ፣ ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽስ ከዚያ ዳገት ጋር ታረቀ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ጠዋት መጋረጃ ስከፍት ባሕሩን ማጣቴን ብቻ እስካሁን አልለመድኩትም። ስልኩ ላይ ጆሮሽ እምቢ ብሎሻል፤ እየጯጯህን የቤታችንን ጉዳይ ለጎረቤት ከምናሰማ እንደ ድሮው በወረቀት እንጨዋወት ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ራንቫ ነርስነቷን ልትጨርስ አንድ ዓመት ተኩል ቀርቷታል። ሆስፒታል ለልምምድ የምትገባው ገና ሳይነጋ ነው፣ መዋለ ሕፃናቱ ደግሞ ያን ጊዜ በሩ አይከፈትም። የሆግኒ አባት ጥሏት ከሄደ ወዲህ ልጁን የምትሰጠው ሰው የላትም። ለዚህ ነው ልጄ ስትጠራኝ የዓሣ ፋብሪካውን ሥራዬን ትቼ፣ በጎቼን አንቺ ላይ ጥዬ የመጣሁት። ሆግኒ አሁን ግድግዳ ይዞ ይራመዳል። ጣቱን ወደ ሁሉ ነገር እየቀሰረ ስሙን ንገሪኝ ይላል። እኔም በእኛ በፋሮዎቹ ቋንቋ እነግረዋለሁ፣ እናቱ በዴንማርክኛ ትደግምለታለች፣ እሱ በሁለታችንም ይስቃል።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። እዚህ አገር እናት ልጇን መዋለ ሕፃናት ካላስገባች፣ የምታምነውን ሰው ትቀጥርና ከወጪው አብዛኛውን ማዘጋጃ ቤቱ ይሸፍንላታል። ያ የታመነው ሰው አያት ቢሆንም ግድ የላቸውም። እናም የገዛ ልጄ አሠሪዬ ሆናለች። የዓመት ፈቃድ ሁሉ ጽፋልኛለች። ቤቷ ለሷና ለልጁ ብቻ ስለሚበቃ፣ የምከራየው ክፍል ከዚያ ሁለት መንገድ አልፎ ነው፤ ሌሊት እየሄድኩ እቀሰቅሳታለሁ።

ውሉ ላይ ፊርማዬን ሳኖር ግን እጄ ከበደኝ። እኔና አንቺ ማዘጋጃ ቤት እየከፈለልን ሰው ቤት ያደግን ልጆች ነን። ያ ነገር ምን እንደሚመስል ከአንቺ በቀር ለማንም አልነግርም።

በንፋስ ከደረቀው የበግ ሥጋ አንድ እግር፣ ከግራጫው የሱፍ ክርም ትንሽ ላኪልኝ። እዚህ የሚሸጠው ክር ጥጥ ነው የሚመስለው። ጌታ በቤትሽም በመንገድሽም ይጠብቅሽ።

እህትሽ ማርዩን


ሱዱሮይ፣ ፋሮ ደሴቶች
ኦክቶበር 21 ቀን 2018

ለውድ እህቴ ለእትዬ ማርዩን፤

ደብዳቤሽ በደህና ደረሰኝ፣ ሰላምሽን ስሰማ ደስ አለኝ። ጉልበቴን ጠየቅሽ፤ ከዳገቱ ጋር አልታረቀም፣ ግን ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ሆግኒን ሁለቱንም ጉንጩን ሳሚልኝ።

በጎቹን ከተራራ አውርደናል። ያንቺዎቹ ዘንድሮ ሰብተዋል፣ ጎረቤታችን ዮአን እንኳ እያየ ዝም አለ፤ እሱ ዝም ካለ ምስጋና ነው። እርዱ ሁለት ቀን ፈጀ፤ ሥጋው አሁን ማድረቂያው ቤት ተሰቅሎ ንፋሱን እየጠበቀ ነው። ለገና ይደርስልሻል። የፋብሪካው አለቃ ቤተ ክርስቲያን ደጅ አግኝቶኝ፣ ቦታሽን እስከ ፋሲካ ለማንም አልሰጥባትም ብሏል። ትመጣለች ወይ ሲለኝ እኔም አላውቅም አልኩት። ትመጫለሽ ወይ?

ስለ ፊርማው የጻፍሽውን ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት። በሱ ላይ የምልሽ ነገር አለኝ፤ ግን ዛሬ እጄ በጨው ተሰነጣጥቆ ብዕሩም አልያዝ ብሎኛል። ሌላ ቀን ይሁን።

መብራቱን በጊዜ አብሪ፣ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ማለት ልማድሽ ነው። የሰማዩ አባት ከናንተ አይራቅ።

ታናሽሽ ሱኔቫ


ምዕራብ ጁትላንድ
ኖቬምበር 18 ቀን 2018

ይድረስ ለሱኔቫ፤

እንደምን ከረምሽ፣ የኔ እህት? እጅሽስ ዳነ? እኛ ጋ ዝናቡ ባይቆምም ሁላችንም ደህና ነን። ሌላ ቀን እነግርሻለሁ ያልሽኝን እየጠበቅኩ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከማዘጋጃ ቤት ሴትዮ መጥታ ነበር። ልጅ እንዲይዙ የተቀጠሩትን እየዞረች የምታይ ናት፣ ሊስቤት ትባላለች። አስቀድማ ቀን ነግራን ስለነበር ቤቱን ከላይ እስከ ታች ወልውዬ ጠበቅኳት። ሆግኒ እዚህ እንደተለመደው ደጅ በጋሪው ተኝቶ ነበር፤ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጋ እግሩን ዳሰሰችና "እንደ ዳቦ ይሞቃል" አለች። ደረጃው ላይ ያለውን መዝጊያ አየች፣ መድኃኒት የት እንደምናስቀምጥ ጠየቀች። ሁሉንም ወደደችው። እኔም ልቤ ሞላና መናገር የሌለብኝን፣ አይ፣ መናገር ያለብኝን ተናገርኩ።

እስካሁን አልነገርኩሽም፤ ደመወዜ ባንክ ሲገባ በማግስቱ አውጥቼ ራንቫ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከአንሶላዎቹ ሥር አስቀምጥላታለሁ። መጀመሪያ ተጣላችኝ፣ ኋላ ዝም አለች። ክፍሌንም ምግቤንም ከዚያው እሷ ትከፍላለች። ልጅ እናቷን ብታኖር ምን ነውር አለው? ሊስቤት ክፍያው በጊዜው ይደርስዎታል ወይ ብላ ስትጠይቀኝ ቀና ብዬ፣ "ከልጅ ልጄ ላይ አምስት ሳንቲም በልቼ አላውቅም" አልኳት።

"ደመወዙን አይወስዱም ማለት ነው?"

"አልወስድም። እኔ አያቱ ነኝ፣ ቅጥረኛው አይደለሁም።"

ብዕሯን አስቀመጠችና መስኮቱን አየት አደረገች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ማርዩን፣ ይህን ባይነግሩኝ ኖሮ ይሻል ነበር" አለችኝ። አንጀቷን የበላሁት መሰለኝ። እስከ በር ሸኘኋት፣ እጄንም ጠበቅ አድርጋ ጨበጠችኝ። በእኛ ደሴት እንዲህ ያለ ነገር የተናገረች ሴት አንገቷን ቀና አድርጋ ትሄዳለች።

ፋሲካ ላይ ልመጣ እችል እንደሆነ ገና አላውቅም። ለአለቃው ትንሽ ይታገሠኝ በይልኝ። እጅሽን ቅባት ቀቢው፤ ጌታም ይዳብሰው።

ማርዩን


ሱዱሮይ
ዲሴምበር 2 ቀን 2018

ለእትዬ ማርዩን፤

ሰላም ላንቺና ለቤትሽ ይሁን። ይህን የምጽፍልሽ በችኮላ ነው፤ መርከቧ ማዕበሉ ሳይነሳ ልትወጣ ነው ብለውኛል።

እንዲህ ያልሻት ለምንድን ነው? ያቺ ሴት ያደነቀችሽ አይመስለኝም። ማዘጋጃ ቤት ለሚከፈለው ሰው ነው የሚረዳው፤ የማይከፈለውን ሰው ለምን ብሎ ይረዳል? ራንቫ ይህን እያወቀች ዝም ያለችው አንቺን ስለምትፈራ ነው። ሁላችንም እንፈራሻለን።

ሥጋውና ክሩ እሽግ ውስጥ ናቸው። ሥጋውን ለብቻው አንጠልጥዪው፣ ራንቫ ሽታውን ተላምዳለች፣ የዴንማርክ ጎረቤቶችሽ ግን ሰው ሞቷል ብለው ፖሊስ እንዳይጠሩ። የልደቱ ብርሃን በመካከላችሁ ይሁን።

ሱኔቫ


ምዕራብ ጁትላንድ
ጃኑዋሪ 13 ቀን 2019

ይድረስ ለእህቴ ለሱኔቫ፤

አዲሱ ዓመት የሰላም ይሁንልሽ። ለኛ አልሆነም። እሽጉ ደርሶናል፣ እጅሽ ይባረክ፤ የገና ዕለት ከሥጋው በልተን ሦስታችንም አገር ቤት የገባን መስሎን ነበር።

ያልሽው ደረሰ። ማዘጋጃ ቤቱ እርዳታውን አግዶታል። እርዳታው የሚሰጠው ልጁን የሚይዘው ሰው በእርግጥ ሲከፈለው ነው፣ ደመወዙ ተመልሶ ወላጅ እጅ የሚገባ ከሆነ ወጪ የለም ማለት ነው ይላሉ። ሊስቤት በፌብሩዋሪ መጨረሻ ትመጣለች። ያን ዕለት እከፈላለሁ፣ ገንዘቡም የኔ ነው ካላልኩ ጭራሹን ይቆማል፣ እስካሁን የተሰጠንንም ይጠይቁናል። ያ ገንዘብ ከሌለ እኔ የምከራየው ክፍል የለም። እኔ ከሌለሁ ራንቫ ሌሊት ልጇን ለማን ትታ ትወጣለች? ትምህርቷን ትታ የአረጋውያን ቤት አንሶላ ልታጥብ እንደሆነ ነገረችኝ። ይህን ስትለኝ አላለቀሰችም፤ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"እማዬ፣ አንዲት ቃል ናት" አለችኝ። "ይከፈለኛል በያት፣ በቃ።"

አልዋሽም አልኳት።

"ዋሺ አላልኩሽም። እውነት እንዲሆን ገንዘቡን ውሰጂ ነው የምልሽ። እኔ ልክፈልሽ። ምን አለበት ብከፍልሽ?"

ምን እንዳለበት ልነግራት አልቻልኩም። ላንቺ ግን ልንገርሽ፣ ዕድሜሽ ትንሽ ስለነበረ ረስተሽው ይሆናል። ፋብሪካ በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት ነው። ዓሣ እየሰነጠቅን ሳለ አንዲት ሴት በሁሉ ፊት፣ አንቺማ ማዘጋጃ ቤት ያሳደገሽ ነሽ፣ ኤልስፓ በየወሩ ለናንተ ስትቀበል ማዘጋጃ ቤት የሚሠራው ባሌ ነበር የሚከፍላት አለችኝ። ቢላዋውን ጥዬ ቤት ሮጥኩ። ኤልስፓ፣ የአባታችን እህት፣ እናታችን ስትሞት የወሰደችን፣ ፀጉሬን ስትጎነጉን እኮ ለአንድ ቀንም ገንዘብ አልመሰለኝም ነበር። እውነት ነው ወይ አልኳት። ድንች እየላጠች ነበር፤ ቀና ሳትል አዎ አለችኝ። አዎ ብላ መላጧን ቀጠለች። ከዚያ ወዲያ እያንዳንዱን ጉርሻ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ይኼ ለኔ ነበር ወይስ ለብሩ እያልኩ ኖርኩ። ቤቷን ለቅቄ ወጣሁ፣ አክስት ብዬም አልጠራኋት፣ ቀብሯም ላይ አልቆምኩም። አሁን ሆግኒ አድጎ በሰው አፍ፣ አያትህ እየተከፈላት ነው የያዘችህ ቢባል ምን ብሎ ያየኛል?

ስለዚህ ልለምንሽ። በጎቼን ሁሉ፣ የግጦሽ ድርሻዬንም ጨምረሽ ለዮአን ሽጪልኝ። ሲመኘው የኖረ ነው፣ አይከራከርሽም። በሱ ራንቫ እስክትጨርስ እንቆያለን፣ የማንንም እጅ አናይም። ቶሎ መልሺልኝ።

እህትሽ ማርዩን


ምዕራብ ጁትላንድ
ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2019

ለሱኔቫ፤

ሰላም ነሽ ወይ? ደብዳቤዬ ሳይደርስሽ ቀርቶ ነው እንዳልል፣ ዮአን ለራንቫ ደውሎ በጎቹ አይሸጡም ተብያለሁ ብሏታል። በጎቹ የኔ ናቸው። ከኔ ከታላቅሽ ይልቅ ለጎረቤት መልስ መስጠትሽ አሳዝኖኛል። ታመሽ ከሆነም ንገሪኝ፣ ልቤ አንዴ ይናደዳል አንዴ ይፈራል።

ማርዩን


ሱዱሮይ
ፌብሩዋሪ 10 ቀን 2019

ለውድ እህቴ ለእትዬ ማርዩን፤

አልታመምኩም። ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ ሰላም ያግኝሽ፤ ካነበብሽው በኋላም ሰላምሽ ይመለስ ብዬ እጸልያለሁ። የዘገየሁት ስጽፍና ስቀድ ነው። በጎችሽን አልሸጥኩም፣ አልሸጥምም። መጀመሪያ ይህን ስሚኝ፣ ከዚያ በኋላ የፈለግሽውን በይኝ።

ኤልስፓ አረጋውያን ቤት ከገባች ጀምሮ እስክትሞት ድረስ በየሐሙሱ እየሄድኩ እጠይቃት ነበር። አንቺን የመዘምራን ልምምድ አለብኝ እልሽ ነበር። ድምፄን እያወቅሽው እንዴት እንዳመንሽኝ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስሟን ቤታችን ውስጥ እንዳልጠራ አስምለሽኝ ስለነበር ዝም አልኩ፤ ዝምታው ደግሞ እየቆየ ሲሄድ አፌ ላይ ቆለፈብኝ።

አንድ ሐሙስ እኔም እንዳንቺው ጠየቅኳት። ለምን ተከፈለሽ አልኳት። እንዲህ ብላ ነገረችኝ። አባታችን ከነመርከቡ አይስላንድ ባሕር ላይ ቀርቶ፣ እናታችንም በዚያው ክረምት ስትከተለው፣ የማዘጋጃ ቤቱ ሰዎች በእኛ ጉዳይ ተሰበሰቡ። ሁለት ቤተሰቦች ያለ ምንም ክፍያ እንወስዳለን ብለው ነበር። አንቺን ሳንዶይ ደሴት ያለ አንድ ገበሬ ሊወስድ ነበር፣ ሥራ የምታግዝ ልጅ ይፈልጋል። እኔን ደግሞ ቶርስሃቭን ከተማ ያሉ ልጅ ያልወለዱ ባልና ሚስት። ማዘጋጃ ቤቱ ምንም ስለማያወጣ ሁሉም ተስማምተው ነበር። ኤልስፓ ይህን የሰማችው ዓሣ ማስጫው ሜዳ ላይ ሆና ነው፤ ሽርጧን ሳትፈታ ስብሰባው ውስጥ ገባች።

"ሁለቱንም እኔ እወስዳቸዋለሁ" አለች። "ግን ክፈሉኝ። እኔ ሜዳ ስውል ማን ያይልኛል? ከነሱ ጋር እንድውል ክፈሉኝ።"

ከወንዶቹ አንዱ የወንድምሽን ልጆች በዋጋ ነው እንዴ የምትይዢው ብሎ ሳቀባት፣ ሌሎቹም አብረው ሳቁ።

"አዎ፣ በዋጋ" አለች። "በነፃማ ልትለያዩዋቸው ነው።"

እትዬ፣ ያ ገንዘብ ባይኖር ኖሮ እኔና አንቺ አንተዋወቅም ነበር። በበጋ ጀልባ ስትመጣ ምናልባት በሩቅ እጃችንን እናወዛውዝ ነበር። አንድ አልጋ ላይ እግር ለእግር ተቆላልፈን ያደግነው ኤልስፓ በወንዶች ፊት አፍራ ስለለመነች ነው። ታዲያ ለማርዩን ለምን አልነገርሻትም አልኳት። ብነግራት ይቅርታ ልትለኝ ትመጣለች፣ ስላሳደግኳት ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው ወይ አለችኝ። እንዲህ ትበል እንጂ እኔ በየሐሙሱ ስገባ ከኋላዬ በሩን ታይ ነበር።

አሁን አንቺ በነፃ፣ በነፃ ትያለሽ። በነፃ ስትይ ራንቫን ከትምህርቷ ልትለዪያት ነው። በጎቹም ቢሸጡ ክረምት አይሻገሩላችሁም፣ አንቺም ስትመለሺ የምትመለሺበት የለሽም። ገንዘቡን ውሰጂ። ሆግኒ ጉንጩን ስትስሚው ተከፍሏት ነው ብሎ አያስብም፤ አንቺም አላሰብሽም ነበር፣ ያቺ ሴት እስክትነግርሽ ድረስ።

ይህን ሁሉ ዘመን ስለደበቅኩሽ ተቆጪኝ፣ መብትሽ ነው። ግን ጻፊልኝ። ቤቱ ካንቺ ወዲህ ጭር ብሏል፣ ይህንንም እስካሁን አልነገርኩሽም። ያቆየን አምላክ ልብሽን ያራራው።

ታናሽሽ ሱኔቫ


ምዕራብ ጁትላንድ
ማርች 3 ቀን 2019

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሱኔቫ፤

ሰላምታዬን ከመላኬ በፊት መቆጣት ይገባኝ ነበር፤ ቁጣዬን ግን እዚሁ ጨርሼዋለሁ። ደብዳቤሽን ያነበብኩት ሆግኒ ደጅ ተኝቶ ሳለ ነው። ተናደድኩብሽ። ላንቺ የሠራሁትን ጥንድ ካልሲ ልፈታ ያዝኩ፣ ግማሹን ተረተርኩት። ከዚያ በሩን ታይ ነበር ያልሽው መጣብኝና እጄ ቆመ። እኔ እኮ በዚያ በር ፊት ለፊት በየቀኑ ወደ ፋብሪካ አልፍ ነበር። አንዴ እንኳ ገፋ አላደረግኩትም። አክስቴ ኤልስፓ በሕይወት የለችም፣ የምለውም ነገር አይደርሳትም፤ ይህን የሚያህል ሐዘን በዚህ ዕድሜዬ ይገጥመኛል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ራንቫ ከሆስፒታል ስትመለስ ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አገኘችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ አንቺ ከነገርሽኝ ጀምሮ እኔ እስከደበቅኳት ድረስ። ካፖርቷን ሳታወልቅ አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

ሊስቤት በቀጠሮዋ መጣች። በዚህኛው ጊዜ ቤቱን አልወለወልኩም። ወንበር እንኳ ሳትይዝ፣ ሳትጠይቀኝ እኔው ቀደምኳት።

"ይከፈለኛል" አልኳት። "ከዛሬ ጀምሮ የኔ ነው፣ ከኔም ጋር ይቀራል።"

ሐሳቤን ምን እንዳስለወጠኝ ጠየቀችኝ። እኔንም እህቴንም ተከፍሏት ያሳደገችን አክስት ነበረችን አልኳት። ጥሩ ሴት ነበረች ወይ ስትለኝ፣ ራንቫ ናት በኔ ፈንታ አዎ ብላ የመለሰችልኝ፣ አይታት እንኳ ሳታውቅ።

እርዳታው ይቀጥላል። ካለፉት ወራት የወሰድነውን በከፊል እየቀነሱ ያስቀሩብናል፤ ይጠብበናል እንጂ አንወድቅም። የክፍሌን ኪራይ አሁን ራሴ እከፍላለሁ። መጀመሪያ የከፈልኩ ዕለት ለራሴ ጫማ ገዛሁ፤ ራንቫ ጫማውን አይታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ለፋብሪካው አለቃ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይስጥ በይው። ራንቫ ሳትጨርስ ከዚህ አልነቃነቅም። አንቺ ግን ለበጋ ነይ፤ በጎቹን ዮአን ይያቸው፣ እሱንም ክፈይው፣ እምቢ ቢልም ክፈይው።

አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሆግኒ ይህን ከሰው አፍ እንዳይሰማው እኔው እነግረዋለሁ ብዬ ቆረጥኩ፣ ትልቅ እስኪሆን ለምን እጠብቃለሁ ብዬም ትናንት ጀመርኩ። የአጃ ገንፎውን እያበላሁት ነበር። "ስማኝ፣ አንተ" አልኩት፤ "አያትህ አንተን ለመያዝ ይከፈላታል። እናትህ ነርስ እንድትሆን፣ እኔም ካንተ ጋር እንድውል ብለው ነው። ገባህ?" አተኩሮ አየኝ፣ ነገሩን የሚመዝን ነበር የሚመስለው። ከዚያ አፉን ከፍቶ የሚቀጥለውን ማንኪያ ጠበቀ።

ካልሲሽን እንደገና ሠርቼ እልክልሻለሁ። እስክንተያይ አምላክ አይለየን።

እህትሽ ማርዩን